መንግሥት የሚያውቀው፣ ኮምፒውተሩ የማያውቀው

በእኛ አገር ዕቃ በራሱ አይበላሽም። ይህን የማታውቁ ካላችሁ ወይ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርታችሁ አታውቁም፣ ወይ በዱዓ የተጠበቃችሁ ናችሁ። ጄኔሬተሩ ቢቆም፣ ቧንቧው ቢደርቅ፣ የመኪናው ጎማ አቀበቱ መሃል ቢተነፍስ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» አይደለም፤ «ማን ነበር?» ነው። ሰውየው ከተገኘ ዕቃው እንደተበላሸ ቢቀር እንኳ ቅር የሚለው የለም፤ ሪፖርቱ ላይ «ችግሩ ተለይቷል» ተብሎ ይጻፋል። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ፣ የሚፈሩትን ትቶ የማይመልሰውን መምታት እንደሚቀል መናገራቸው ነበር። እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። ዳውላው የተመዘገበ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ የሚፈራው ዳውላው ነው፤ የሚመታው አህያው።

ያ ዘመን ደግሞ የግምገማ ዘመን ነበር። ሚሌኒየሙን አክብረን የበዓሉ ፖስተር ገና ከየግድግዳው ሳይነሣ ማለቴ ነው። ግምገማ ያላየ ወጣት አንባቢ ካለ ላስረዳው። ወንበሮች በክብ ይደረደራሉ፤ አንድ ሰው ይነሣና ግለ ሂሱን ያቀርባል፤ ከዚያ የቀረነው «እናግዝህ» እንልና የረሳውን እንጨምርለታለን። ጥፋት አለብኝ ያለ ጥፋቱ ይመዘገብለታል። የለብኝም ያለ ደግሞ ጥፋቱን አለማየቱ ከባድ ጥፋት ሆኖ ይመዘገብበታል። እኔ አንድ ጊዜ የምናገረው ጥፋት ጠፍቶኝ «ሻይ አበዛለሁ» ብያለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ማኅደሬ ውስጥ አለ።

የማወራችሁ ነገር የደረሰው መካነ ሰላም ከነበሩት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ነው። በየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም «የእኛን ነው» ብሎ እንዲቀየመኝ ለሁሉም እኩል ትቼዋለሁ። እኔ ይመር የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። በዚያ ላይ የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ዐዋቂ ነበርኩ፤ ዐዋቂነቱን ያገኘሁት ደሴ አጭር ሥልጠና ሲሰጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው አዝመራ ላይ ስለነበር ነው። እዚያ የተማርኩት ሲበላሽ አጥፍቶ ማብራትን፣ እሱ ካልሆነ ደግሞ ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካትን ነው። በኋላ እንደተረዳሁት የዓለም ሊቃውንትም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ኮምፒውተሩ ለብቻው ክፍል ነበረው። መጋረጃ ነበረው፣ ዳር ዳሩ በአበባ የተጠለፈ ልብስ ነበረው፣ ጫማ የሚወለቅበት ደጃፍ ነበረው። የሚነካው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ዘይነባ። ዘይነባ የሼህ እንድሪስ ልጅ ናት። ሼሁ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው፤ ይህችን ልጅ «ደሴ ሄዳ ኮምፒውተር ትማር» ሲሉ ዘመዱ ሁሉ «ሴት ልጅ ለብቻዋ ደሴ?» እያለ አጉረምርሞባቸው ነበር። ተምራ መጣች፣ ተቀጠረች። ቅጥሯ ግን ጊዜያዊ ነበር። የቋሚነት ደብዳቤዋ ኃላፊያችን አቶ ደምስ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ከርሟል።

ከሥራ ብትወጣ የሚጠብቃትን እሷም አባቷም እኛም እናውቅ ነበር። ያጎቷ ልጆች ዐረብ አገር ናቸው። ወደዚያ ሰው የሚልከው ደላላ በአቅራቢያችን ካለችው ከከላላ እየመጣ ስለ ፓስፖርት ያወራል፤ ዘመድም «እዚህ ምን አላትና?» ይላል። እሷ መሄድ አልፈለገችም። እዚህ የነበራት ያ ባለ መጋረጃ ክፍል ነው።

ሌላው ሰው የንብረት ክፍሉ ጋሽ ሙላት ናቸው። የደብር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ቄስ፣ አያታቸው መሪጌታ። ሲናደዱ ግን እንደ ጎረቤታቸው እንደ ሼህ እንድሪስ «ወሏሂ» ነው የሚሉት፤ በእኛ በኩል ይህ የሚደንቅ ነገር አይደለም። ጋሽ ሙላት ከእግዜር ቀጥሎ የሚያምኑት የንብረት ቁጥርን ነበር። የመንግሥት ወንበር ጀርባ ላይ በነጭ የዘይት ቀለም መደብ ተቀብቶ በቀይ የሚጻፈውን ረጅም ቁጥር አይታችሁ የለም? ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ከዚያ ቀለም ያመለጠ ዕቃ አልነበረም። መጥረጊያው ቁጥር ነበረው። የጥበቃው ቆመጥ ቁጥር ነበረው። ለመስክ የምንሄድባት በቅሎ እንኳ ቁጥሯ ሰኮናዋ ላይ ነበር፤ ሰኮናዋ ሲያድግ ጽሑፉ ወደ መሬት እየወረደ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጋሽ ሙላት ቀለማቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከፍ አድርገው እንደገና ይጽፉላታል። በቅሎዋም ከመልመዷ ብዛት ቀለሙ ሲሸታት እግሯን ራሷ ታነሣላቸው ነበር። የበቅሎዋን ነገር አትርሱብኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን ከዞን መልእክት መጣ። በሚመጣው ሳምንት ወረዳዎች ሁሉ በኔትወርክ ይገናኛሉ፤ ኃላፊዎች ደሴ ድረስ አቧራ ሳይጠጡ በየቢሯቸው ሆነው ከዞን ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይወያያሉ። መስመሩ ተዘርግቶልናል፤ የቀረው ከግድግዳው የወጣውን ኬብል ኮምፒውተሩ ጀርባ መሰካት ነው። ከጎረቤቶቻችን አጅባር ተገናኝቷል፣ ደጎሎም ተገናኝቷል እየተባለ ይወራል። አቶ ደምስ የአጅባሩን ቻለው፤ የደጎሎው ግን እንቅልፍ ነሣው። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ስለሆነ «አንተ» እለዋለሁ፤ በሌለበት። «እኛ ከደጎሎ አንሰን ነው?» እያለ ከክፍል ክፍል ሲዞር ዋለ።

ያን ዕለት ጠዋት ዘይነባ ቁልፉን ብትጫን ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣና ቀጥ አለ። ሲተረጎም «የምነሣበት ሲስተም አላገኘሁም፤ ዲስኩን ቀይረህ ሞክር» እንደማለት ነው። እኔ ተጠራሁ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ያው ነው። ዕውቀቴ እዚህ ላይ አለቀ።

ዘይነባ ግን ገብቷታል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አቶ ደምስ የሩብ ዓመት ሪፖርቱ ያለበትን ፍሎፒ ዲስክ በገዛ እጁ ማሽኑ አፍ ውስጥ ከትቶ፣ «ምስጢር ነው፣ እኔ ሳላዝ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሄዷል። ኮምፒውተር ደግሞ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያየው አፉ ውስጥ ያለውን ነው፤ እዚያ ያገኘው ሪፖርት ብቻ ነበር። በሪፖርት የሚነሣ ነገር ቢኖር አገራችን እስካሁን የት በደረሰች። ዘይነባ በትሕትና ፍሎፒው ይውጣ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። አቶ ደምስ «የእኔ ሪፖርት ነው ያበላሸው እያልሽ ነው?» አላት። ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እኔ ፍሎፒውን አውጥቼ ካዝና ውስጥ ከተትኩት፤ ማሽኑ ወዲያው ተነሣ። ሲመለስ «ለደኅንነቱ ሲባል ሪፖርቱ ካዝና ገብቷል» አልኩት። በጣም ደስ አለው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ደስታችን እስከ ምሳ አልቆየም። ማሽኑ ይነሣ እንጂ ኔትወርክ የለም። ኬብሉ ተሰክቷል፤ ከጀርባ ብልጭ ብልጭ ማለት የሚገባት ትንሿ አረንጓዴ መብራት ግን ጨልማለች። ዞን ላለው ባለሙያ ደወልን። ሰውየው ለዘይነባ በስልክ እየመራ ማሽኑ ያሉትን ዕቃዎች ራሱ የሚዘረዝርበት ቦታ አደረሳት። ኪቦርዱን ያውቀዋል፣ ማውሱን ያውቀዋል፣ ድምፅ ማውጫውንም ያውቀዋል። ኬብሉ የሚሰካበትን የኔትወርክ ካርድ ግን ጭራሽ እንዲህ ያለ ነገር አለኝ አይልም። ባለሙያው ምናልባት ካርድ የሌለው እንዳይሆን ብሎ ጠረጠረ። ካርዱማ ከነማሽኑ መጥቷል፤ በሰኔው የንብረት ቆጠራ ጋሽ ሙላት በዓይናቸው አይተው አረጋግጠውታል። «እንግዲያው ሲፒዩውን ክፈቱት፣ ካርዱን ነቅላችሁ ጥርሱን ጠረግ ጠረግ አድርጋችሁ መልሱት» አለንና ስልኩ ተቋረጠ።

አቶ ደምስ ከዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኑ ካርዱን አላውቀውም አለ? «ማሽኑ ካላወቀው ያላሳወቀው ሰው አለ» አለ። ሐሙስ ጠዋት ግምገማ ተጠራ፤ አጀንዳው የዘይነባ የሥራ አፈጻጸም ነው። አቶ ደምስ ለእኔ ብቻዬን እንደነገረኝ፣ ጥፋቷን አምና ካላስተካከለች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤዋ ይወጣል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው?» ብቻ ነው ያለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት፤ እኔ ራሴ ግን አንዳች መላ አልነበረኝም።

ሲፒዩውን መክፈትስ ቀላል መስሏችኋል? ጎኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ማኅተም አርፎበታል። ያሸጉት ጋሽ ሙላት ናቸው፤ እሽግ ደግሞ ያለ ኮሚቴ አይፈታም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙላት በሰብሳቢነት፣ እኔ በባለሙያነት፣ ጥበቃው በታዛቢነት ተቀምጠን እሽጉን ፈታን። ዘይነባ ጉዳዩ ስለሚመለከታት በሩ ላይ ቆማ እንድትጠብቅ ተደረገ። ካርዱን በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣሁና ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳቀርበው ክው አልኩ።

የኔትወርክ ካርድ ካያችሁ፣ ከታች በኩል ወርቃማ ጥርሶች የተደረደሩበት ጠርዝ አለው፤ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በእነዚያ ጥርሶች ነው። የእኛ ካርድ ጥርስ አልነበረውም። ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ነጭ የዘይት ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩ በቀይ፣ በሚያምር የቁም ጽሕፈት፣ የወረዳው፣ የጽሕፈት ቤቱ፣ የዓመቱና የተራው ቁጥር ሰፍሮበታል። ገልበጥ ባደርገው በዚያኛውም በኩል አለ።

ጋሽ ሙላት ምንም አልደነገጡም። ዘይነባ ፈቃድ ላይ፣ እኔ በበቅሎዋ ከላላ መስክ ላይ በነበርንበት በዚያ የሰኔ ቆጠራ ካርዱ ራሱን የቻለ ዕቃ ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ራሱን የቻለ ቁጥር ያስፈልገዋል። የከተማውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው አስከፈቱ። ካርዱ ሁለመናው ጉብታ ጉብታ ሆኖ ብሩሽ የሚያሳርፉበት አጡ፤ ለጥ ያለው ያ ወርቃማ ጠርዝ ብቻ ነበር፤ ለቁጥር ታስቦ የተሠራ መሰላቸው። ጻፉ፣ ፀሐይ ላይ አደረቁ፣ አስመለሱ፣ አሸጉ። «ደግሞ ምን የመሰለ ነው የደረቀው» አሉኝ ጣታቸውን እያስኬዱበት።

ቀለም ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ይመር፣ ቁጥር ዕቃ ሲያበላሽ የት አየህ? ወንበሩ ቁጥር ስላለበት አላስቀምጥም አለ?»

መልሱን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እንፋቀው ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። የመንግሥትን ቁጥር የሚፍቅ ሌባ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጽፉ የኖሩ ሰውዬ፣ ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ቁጥር ፋቂ ሊሆኑ ነው? ቁጥር የሌለው ዕቃ ከየት መጣ ቢባል ማን ይመልሳል? ሰውየው እውነት አላቸው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ቁጥሩ ካለ ካርዱን መንግሥት ያውቀዋል፣ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ቁጥሩ ከተፋቀ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፣ መንግሥት አያውቀውም። ሁለቱም የሚያውቁት መንገድ አልታየኝም። ጋሽ ሙላት ካርዱን መልሰው አስከተቱኝ፤ በላዩ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፈው አዲስ ማኅተም መቱበት።

በሩ ላይ ስንደርስ ነገ ዘይነባ በዚህ የተነሣ ልትባረር እንደሆነ ነገርኳቸው። ቆም አሉ። የሰሙት ኮምፒውተሩ እንደተበላሸ ብቻ ነበር፤ የሼህ እንድሪስ ልጅ ትጠየቅበታለች ብለው አላሰቡም። ቀለም ቆርቆሯቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

ሐሙስ ደረሰ። ወንበሮቹ በክብ ተደረደሩ፤ እያንዳንዳችን ፊት ለፊታችን ካለው ሰው ኋላ ቁጥር እንዳለ እያወቅን ተቀመጥን። አቶ ደምስ ኔትወርክ የህልውና ጉዳይ መሆኑን፣ ወደ ኋላ የሚጎትቱን እጆች መኖራቸውን ተናግሮ «እናግዛት» አለ። አገዝናት። አንዱ በሯን ዘግታ እንደምትሠራ አነሣ። ሌላው ጫማ በማስወለቅ ተገልጋይን ታስፈራራለች አለ፤ ጫማ ይውለቅ ያለው ራሱ አቶ ደምስ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። ሌላዋ ደግሞ ዘይነባ ከሰው ጋር ብዙ አትስቅም፣ ይህም የአመለካከት ችግር ሊሆን ይችላል ብላ ጠረጠረች። እኔ እጄን አነሣሁ፣ መልሼ አወረድኩት። እውነቱን ብናገር ጋሽ ሙላት ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ይወድቃሉ፤ ዝም ብል ዘይነባ ዐረብ አገር ትሄዳለች። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ጋሽ ሙላት ከወዲያኛው ጥግ ጣታቸው ላይ የቀረችውን ነጭ ቀለም ይልጣሉ።

በመጨረሻ ዘይነባ ግለ ሂሷን እንድታቀርብ ተጠየቀች። ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች።

«ጥፋት ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ» አለች። «ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ አባቴ ፊት አልቀርብም። የፈለጋችሁትን ጻፉ። እኔ ማሽኑን አልጎዳሁትም።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አነሣ። ያን ጊዜ ጋሽ ሙላት ሳይፈቀድላቸው ተነሡ።

«ልጅቷን ተዋት፤ ይመር ካርዱን የዘጋው የቁጥሩ ቀለም ነው ይላል፤ ቁጥሩን የጻፍኩበት እኔ ነኝ» አሉ። «ወሏሂ እኔ ነኝ። መመሪያው ጻፍ ይላል፣ ጻፍኩ። የመንግሥት ንብረት ላይ ቁጥር መጻፍ ጥፋት ነው የሚል ካለ አሁን እጁን ያውጣና በስሙ ይያዝልኝ።»

እጅ የሚባል ነገር ከጭን ላይ አልተነሣም። ማን ያነሣል? የንብረት ቁጥር ይቅር ብሎ በቃለ ጉባኤ ስሙ የሚሰፍር ሰው መካነ ሰላም ውስጥ ገና አልተወለደም። አቶ ደምስ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ጥፋት አለ፣ አጥፊ ግን የለም። ግምገማ እንዲህ ሆኖ መዘጋት አይችልም። ጥቂት ካሰበ በኋላ ፊቱ በራ። ችግሩ ያለው ካርዱን የሠራው ፋብሪካ ላይ ነው፤ ለንብረት ቁጥር የሚሆን ቦታ ሳያዘጋጅ ዕቃ ማምረቱ ደንበኛን ያላማከለ አሠራር ነው አለ። እፎይ አልን። ፋብሪካውን በሌለበት ገመገምነው። ያገዝነው እገዛ! ዘይነባን ሲያግዙ የነበሩት ሁሉ አሁን ፋብሪካውን ሊያግዙ ተሽቀዳደሙ።

ቀለሙስ? እዚያ ላይ እንደገና ተፋጠጥን። «ይፋቅ» የምትለዋን ቃል የሚደፍራት ጠፋ። እንደቆመች የቀረችው ዘይነባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ጋሽ ሙላት ዞረች።

«ጋሽ ሙላት፣ የበቅሎዋ ቁጥር ሲወርድ አንቱ ከፍ አድርገው ይጽፉላት የለም? ያኔ የታችኛውን ሰኮና ከነጽሑፉ ሲሞርዱት ፋቁ አልተባለም። ካርዱም ከኋላው ቆርቆሮ አለችው፤ ከማሽኑ ውጭ ብቅ የምትል።»

ጋሽ ሙላት ብዙ አሰቡ። በቅሎዋን በዓይነ ልቡናቸው ከፊት እስከ ኋላ የዞሯት ይመስለኛል። «እውነቷን ነው» አሉ በመጨረሻ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ ቁጥሩ በዚያው ካርድ ላይ ከወርቃማው ጠርዝ ወደ ቆርቆሮው የቦታ ዝውውር ይደረግለት። ካርዱ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ያለ ቁጥር እንዳይውል መጀመሪያ አዲሱ ይጻፍ፣ ከዚያ አሮጌው ይነሣ።

እንደተባለው ሆነ። ጋሽ ሙላት ቆርቆሮዋ ላይ በደቃቅ ፊደል ጻፉ፤ ከዚያ ጥጥ በቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ነክረው አሮጌውን በገዛ እጃቸው አጠቡት። እኔ በላጲስ ፈተግ ፈተግ አደረግሁት፤ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ብልጭ እያሉ ወጡ። መልሰን ከተትነው፣ ዘይነባ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ሳያንገራግር ተነሣ፤ አዲስ ዕቃ አገኘሁ ብሎ በጥግ በኩል ጻፈ፤ ከኋላው ያቺ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ዘይነባ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች። እኔም ደስ ብሎኝ አፌን መዝጋት አቃተኝ። ጋሽ ሙላት ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብለው ቁጥራቸው ይነበብ እንደሆነ አረጋገጡና «አሁን የሁላችንም ነው» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሏችሁ ይሆናል። አላለቀም። ስንብቱ ቀረ እንጂ የቋሚነት ደብዳቤው አልተፈረመም። አቶ ደምስ «እስቲ መጀመሪያ የኔትወርኩን ስብሰባ በሰላም እንወጣው፣ ከዚያ እናያለን» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ደላላው በዚያው ሳምንት እንደገና ከከላላ መጥቶ ነበር።

የስብሰባው ቀን ሁላችን በዚያች ክፍል ታጨቅን። ደጃፉ በጫማ ተሞላ። አቶ ደምስ ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርጎ በካልሲ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠ፤ ዘይነባ ከጎኑ ማውሱን ይዛለች። መስመሩ ተከፈተ። የዞኑ ኃላፊ ሰውዬ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ፤ ድምፁም እንዲሁ፤ በረንዳ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር ይሰማዋል። ሰላምታ ሰጠንና አጀንዳውን ተናገረ። የወረዳ ኃላፊዎች ግምገማ ነው። ዘግይተው ከተገናኙት ይጀመራል፤ ስለዚህ መካነ ሰላም ይቀድማል።

አቶ ደምስ ተነሥቶ ይሁን ተቀምጦ እንደሚገመገም ግራ ገብቶት ብድግ አለ፤ ክራቫቱ ብቻ ስክሪን ውስጥ ቀረ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰውየው ጥያቄውን ያወርደው ጀመር። ለምን ዘገያችሁ? የሩብ ዓመት ሪፖርቱ የት አለ? ካዝና ውስጥ? ሪፖርት ካዝና ውስጥ ምን ይሠራል? ደግሞስ ፋብሪካ እንድትገመግሙ ማን አዘዛችሁ? እኛ ከኋላ በባዶ እግራችን ቆመን እንሰማለን። አቶ ደምስ ላብ አጠመቀው። አንድ ጊዜ ሰውየው ወረቀት ሲያገላብጥ ወደ ዘይነባ ጠጋ አለና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አንሾካሾከ።

«ዘይነባ እኅቴ፣ በአሏህ… ይሄ ነገር ትንሽ ተቋርጦ የሚቆይበት መላ የለውም?»

ዘይነባ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም።

«አለው» አለችው። «ጋሽ ሙላትን ልጥራልዎት? ቀለሙ አላለቀም።»

እኔ ሳቄን አፍኜ ወደ በረንዳው ልወጣ ስል የዞኑ ሰውዬ «በል ግለ ሂስህን» አለ። አቶ ደምስ ጥፋት ፍለጋ ቤቱን በዓይኑ ዞረ። የፈለገው ጥፋት የምትባል፣ ግን ብዙ የማትጎዳ፣ እንደ እኔ ሻይ ያለች ነበረች። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ ማውሱን የያዘችው ልጅ ላይ ዐረፈ። «የሠራተኞችን ጉዳይ በወቅቱ… የመፈረም ውስንነት አለብኝ» አለ። ሰውየው ብዕሩን አነሣ። ስንት ሠራተኛ? አንዲት። ደብዳቤው የት ነው? መሳቢያ ውስጥ። «አምጣና እያየሁህ ፈርም» አለው።

ፈረመ። ሁላችንም አየን፤ ዞንም አየ። ደላላው ከዚያ ወዲህ ወደ ሼህ እንድሪስ ቤት አልመጣም። ግምገማ ሰው ያርማል ሲሉን የኖሩት እውነታቸውን ነው ለካ፤ ብቻ ኬብሉ በትክክለኛው በኩል መሰካት አለበት።